የሸራው ዳስ ለቅሶ

እናቴ ከል የለበሰችው ሀገር ነጻ በወጣበት ሰሞን ነው። ሌሎቹ ሴቶች ከሣጥን ያወጡትን ነጭ ቀሚስ ለብሰው ወደ ጎንደር ለሚወርደው ጦር እልል ሲሉ፣ እሷ የነበራትን አንድ ቀሚስ በጥቁር ጭቃና በቅጠል ነከረችው። ከዚያ በኋላ፣ እኔ ከቄስ ትምህርት ወደ ጎንደር ትምህርት ቤት፣ ከጎንደርም ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እስክሄድ ድረስ፣ በነጭ ልብስ አይቻት አላውቅም። ቀሚሱ ሲለቅ እንደ ገና ትነክረዋለች፤ ሲያልቅ ሌላ ገዝታ ያንኑ ታደርገዋለች። ጎረቤት «ምነው እቴ፣ ሐዘንም እኮ ልክ አለው» ሲላት መልሷ አንድ ነበር፤ «ለቅሶዬ አልተደረሰም።»

በእኛ ሀገር ለቅሶ አለመድረስ ቀላል ነገር አይደለም። በድንበር የተካሰሱ ሰዎች፣ ለዓመታት ሰላም ያልተባባሉ ጎረቤቶች፣ ሰው ሲሞት ተያይተው እንዳልተያዩ እየሆኑ አንድ ሰሌን ላይ ይቀመጣሉ። ከሰርግ የቀረ ሰው ይቅርታ ይገኝለታል፤ ከለቅሶ የቀረ ግን ሞቱን እንደ ፈለገው ይቆጠራል። እናቴ የምትጠብቀው ካሣ አልነበረም፤ ፍርድም አልነበረም። ባሏንና ሴት ልጇን የገደለው ወገን መጥቶ ከሰሌኑ ላይ እንዲቀመጥና «እግዚአብሔር ያጥናሽ» እንዲላት ነበር። የገደለውም ወገን ነጻ አውጪያችን ነው።

ወዲያውኑ መናገር ያለብኝ ነገር አለ። የዚያን ቀን ነገር የማስታውሰው በከፊል ነው፤ የማስታውሰውንም አላምነውም። ልጅ ነበርሁ። አዲስ አበባ በተማሪነቴ ሲኒማ ቤት ገብቼ የጦርነት ፊልም ካየሁ ወዲህ፣ በትዝታዬ የሚያንዣብቡት አውሮፕላኖች የፊልሙ አውሮፕላኖች ሆነዋል፤ ቀለማቸው እንኳ ጥቁርና ነጭ ነው። ሰማዩም የእኛ ሀገር የበጋ መባቻ ሰማይ መሆኑ ቀርቶ ግራጫ ሆኗል። እኅቴን የማስታውሳት በማድጋ ውኃ ይዛ የካህናቱን እጅ ስታስታጥብ ነው፤ እናቴ ግን «እኅትህ እጅ አላስታጠበችም፤ ወጥ ነበር የያዘች» ትለኛለች። የእናቴ ቃል ከእኔ ትዝታ ይልቅ የታመነ መሆኑን አውቃለሁ፤ ሆኖም ማድጋውን ከእኅቴ እጅ ልወስድባት አልቻልሁም። ስለዚህ እዚህ የምተርከው ሁላችንም የተስማማንበትን ነው፤ ያልተስማማንበት ሲመጣ እናገራለሁ።

የተስማማንበት ይህ ነው። ቤታችን ከኮሶዬ ወደ አምባ ጊዮርጊስ በሚወስደው መንገድ ዳር ነበር። አያቴ፣ የአባቴ አባት፣ ጦርነቱ ሊያበቃ ሲል ታሞ በአልጋው ላይ ሞተ፤ በዚያ ዘመን በአልጋ ላይ መሞት እንደ ዕድል ይቆጠር ነበር። አርባው ሲደርስ አባቴ ተዝካር ማውጣት ነበረበት። ጣሊያኑም አርበኛውም በየተራ እየመጡ ስለ ወሰዱት ጎተራው ባዶ ነበር ማለት ይቻላል፤ ቢሆንም ከዘመድ ተሰብስቦ ጠላ ተጠመቀ፣ አንድ በሬም ተገኘ። የጠፋው የዳስ ቅጠል ነው። ጣሊያን ምሽጉን ሲያጥርና እሳቱን ሲያነድ በዙሪያችን የነበረውን ዛፍ ጨርሶት ነበር። የቀረው የቤተ ክርስቲያኑ ጽድ ብቻ ሲሆን፣ ከዚያ ደግሞ ቅርንጫፍ የሚቆርጥ ክርስቲያን የለም።

ካህናትንና እንግዳን በፀሐይ አስቀምጦ ማብላት ነውር ነው። አባቴ ከመንገዱ በላይ ባለው ኮረብታ፣ ጣሊያን ወደ ጎንደር ሲሸሽ ወደ ተወው ምሽግ ወጣና አንድ ትልቅ የወታደር ሸራ ተሸክሞ ተመለሰ። አረንጓዴ ነበር እላለሁ፤ እናቴ አፈር የመሰለ ነበር ትላለች። በቋሚ እንጨት ላይ ወጠረው፤ ገመዱን በካስማ አሰረው። ሲጨርስ ወደ ኋላ ፈቀቅ ብሎ አየውና፣ እናቴ እንደ ነገረችኝ፣ «እንዲህ ያለ ዳስ ደጃዝማችም አልጣለ!» ብሎ ሳቀ።

ዳስ ከላይ ሲታይ ምን እንደሚመስል በመንደራችን ያሰበ ሰው አልነበረም። ከላይ የሚያየን እግዚአብሔር ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ ተዝካርን ከጦር ሠፈር ይለያል።

አውሮፕላኖቹ የመጡት ፍትሐቱ አልቆ፣ ማዕዱ ተባርኮ መብላት ሲጀመር ነው። አንድ ይሁኑ ሁለት አላውቅም። አርበኛውን የሚረዱት የእንግሊዞች አውሮፕላን ወደ ጎንደር ሲያልፍ ሰው በየቀኑ ይሰማ ስለ ነበር ድምፁን ለምዶታል፤ ማንም ከተቀመጠበት አልተነሣም። እናቴ ወጥ ለመጨመር ከቤቱ ጀርባ ወዳለው የማብሰያ ጎጆ ሄዳ ነበር፤ እኔም ቀሚሷን ይዤ ተከትያት እንደ ነበር ትነግረኛለች። ከዚያ በኋላ ያለው ለእኔ ድምፅ ብቻ ነው፤ ምናልባትም ድምፅ ሁሉ የጠፋበት ጊዜ ነው፤ ይህንንም መለየት አልችልም። አባቴ ሞተ። እኅቴ ሞተች። ማዕዱን የባረኩት ቄስ፣ ጎረቤቶቻችን፣ ከአያቴ ጋር ያደጉ ሽማግሌዎች ሞቱ። ተዝካር ሰምተው ከሩቅ የመጡ ነዳያንም ሞቱ፤ ለእነሱ ፍትሐት ሲደረግ የክርስትና ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ጠፋ። ተርበው መጥተው፣ ጉርሻቸውን ሳይውጡ፣ ስም የሌላቸው ሬሳዎች ሆነው ተቀበሩ። እስከ ዛሬ ይህን ሳስብ ደሜ ይፈላል።

ሬሳው ሁሉ በጥድፊያ በአንድ ጉድጓድ ገባ። አውሮፕላኑ ተመልሶ ይመጣል ተብሎ ስለ ተፈራ ሜዳ ላይ መሰብሰብ ቀረ፤ ለቅሶም አልተቀመጡም። ብዙም ሳይቆይ ጎንደር ተያዘች፤ አርበኞቹም ከማዶው ኮረብታ ወረዱ። ከእነሱ መካከል የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበር። ጣሊያን ከገባ ጀምሮ ጫካ ነበር፤ ተዝካሩ የእሱም አባት ተዝካር ነበር። መጥቶ የተቃጠለውን ሸራ አየ፤ ካስማውን በእግሩ ነካ አደረገ፤ አንድ ቃል ሳይናገር ሄደ አሉ። ሌሎቹ ግን ተናገሩ። «በጠላት ድንኳን ሥር ሲበሉ የተመቱ» የሚል ወሬ ወጣ፤ ወሬው አምባ ጊዮርጊስ ገበያ ሲደርስ «ከጣሊያን ጋር ሲበሉ» ሆነ፤ ተመልሶ መንደራችን ሲገባ «ባንዳ» ሆኖ ገባ። በዚያ ሰሞን ባንዳ የተባለን ሰው ለቅሶ መድረስ ማለት ራስን ባንዳ ማሰኘት ነበር። ስለዚህ ማንም አልመጣም። ጎረቤቶቻችን፣ እነሱም የሞተባቸው፣ በየጓዳቸው ለብቻ አለቀሱ፤ ደጃፍ ላይ ሰሌን የዘረጋ አልነበረም።

ኮሌጅ ገብቼ ታሪክ ስማር ስለዚያ ዘመቻ የሚናገር ክፍል ደረሰ። መጽሐፉ ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ ተጠረገ ይል ነበር። እጄን አውጥቼ መምህሩን «ከመንገዱ ላይ የተጠረገው ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅሁት። ጠላት መሆኑን ነገረኝ፤ ጥያቄዬ የሰነፍ ጥያቄ መሰለው። ተቀመጥሁ።

ነጻነቱ ባይመጣ ይሻል ነበር አልልም። የጣሊያንን ግርፋትና ስቅላት የሚያውቅ ሰው እንደዚያ ሊል አይችልም። የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ነጻ ያወጣን ሰው ነጻ ሲያወጣን የገደላቸውን ሰዎች ስም አጥፍቶ፣ በሬሳቸው ላይ ባንዲራ ተክሎ፣ በየዓመቱ ከዚያው ሥር እልል በሉ ይለናል። እናቴ በየዓመቱ የነጻነት በዓል ሲከበር ከሉን ለብሳ ከመንገዱ ዳር ትቀመጥ ነበር። አትጮህም፤ አትራገምም፤ ትቀመጣለች። ሰልፉ በፊቷ ያልፋል።

ዕረፍት አግኝቼ ከአዲስ አበባ በመጣሁበት በአንድ ዓመት፣ በዓሉን ለማየት ከላይ ትልቅ ሹም ይመጣል ተባለ። ሰልፉ የሚቆምበት፣ በቅጠልና በባንዲራ ያጌጠ በር የሚተከልበት ቦታ ከቤታችን ፊት ያለው መታጠፊያ ሆነ። እናቴ የምትቀመጠውም እዚያው ነበር።

አንድ ቀን ረፋድ ላይ ከቤት ስወጣ፣ ሦስት ሰዎች በአጥሩ በር ሲገቡ አየሁ። ፊት ፊት የእናቴ የንስሐ አባት መስቀላቸውን ይዘው፣ ከኋላ አጎቴና አንድ ሽማግሌ ጎረቤታችን፣ ሁለቱ በማጅራታቸው ድንጋይ ተሸክመው ነበር። አጎቴ ጫካ የነበረው ሰው ነው፤ አሁን ኒሻን ያለው፣ ወረዳው ላይ የሚደመጥ ሰው ሆኗል። በእኛ ዘንድ ድንጋይ ተሸክሞ የመጣን ሽማግሌ መመለስ ከእግዚአብሔር ጋር መጣላት ነው። ሁለቱ ጎንበስ ብለው በእናቴ ፊት ቆሙ።

«ስለ እግዚአብሔር፣ ማሪን» አሉ።

«ምን በደላችሁኝ?» አለች እናቴ።

ቄሱ መለሱላት፤ «ልጄ፣ ድንጋዩን አስወርጃቸውና ይነገራል። አንገታቸው የሽማግሌ አንገት ነው።»

«አባቴ፣ እኔ አልጫንኋቸው። የጫናቸው ያስወርዳቸው።»

ጎረቤታችን ከጎነበሱበት ቀና ለማለት እየሞከሩ፣ «ኧረ እቴ፣ ቶሎ በይ! የእኔው ድንጋይ ነው ትልቁ» አሉ።

«አንቱማ ሁልጊዜ ትልቁን ነው የሚያነሡ፤ ድግስም ላይ እንዲያው ነዎት» አለቻቸው። ቄሱ ሳይቀሩ ሳቁ። አጎቴ ብቻ አልሳቀም።

ድንጋዩን አወረዱ። አጎቴ አቧራውን ከትከሻው እያራገፈ፣ «ወረዳ ገዥው ነው የላከን» አላት። «ሹም ይመጣል። በመንገዱ ዳር ጥቁር የለበሰ እንዳይታይ ተብሏል። ለአንድ ቀን ብቻ አውልቂው፣ እቴ።»

«ለጥቁሩ ነው የመጣችሁ? ለሞቱት መስሎኝ ነበር።»

ቄሱ መስቀላቸውን ከእጅ ወደ እጅ አዛወሩ። እናቴ ቀጠለች፤ «እሺ፣ አወልቃለሁ። ለአንድ ቀን ሳይሆን ለዘለዓለሙ አወልቃለሁ። ከል የሚወልቅ ግን ለቅሶ ሲደረስ ነው። ከበዓሉ በፊት ሰሌን እዘረጋለሁ፤ ለቅሶዬን ድረሱ። አያ፣ አንተም ጓዶችህን ይዘህ ና። ከዚያ ወዲያ ነጭ አልብሳችሁ ያሻችሁ ቦታ አቁሙኝ።»

«ከዚህ ሁሉ ዓመት በኋላ ለቅሶ?» አለ አጎቴ።

«ምነው፣ ሰው በሩቅ ሀገር ሞቶ መርዶው ዘግይቶ ሲመጣ ይለቀስ የለም? የኔም ከሩቅ ነው የመጣ። ከሰማይ ነው የመጣ።»

አጎቴ ወደ እኔ ዞረ። «አንተ የተማርህ ነህ፤ እስኪ ንገራት» አለኝ። ያን ጊዜ የተሰማኝ ደስታ ነው፤ ሲጠበቅ የኖረው ነገር ሊሆን ነው ብዬ አሰብሁ።

ለቅሶው ተጠራ። መርዶ ሲዘገይ የሟች ልብስ ይወጣል እንጂ ሬሳ የለምና፣ እናቴ የአባቴን ጋቢና ዱላውን በሰሌን ላይ አኖረች። የእኅቴ ልብስ ግን አልነበረም፤ የነበራት ያው የለበሰችው ነበር። ስለዚህ ከጋቢው አጠገብ አንድ ሰው የሚተኛበት ያህል ባዶ ቦታ ተወችላት። ሰዎች በዚያ ቦታ ላይ እንዳይረግጡ እየተጠነቀቁ ያልፉ ነበር። አልቃሽ ከአምባ ጊዮርጊስ መጣች። ሰው መጣ፤ እነዚያ በየጓዳቸው ያለቀሱ ጎረቤቶች ሁሉ፣ ወረዳው ፈቅዷል ሲባል፣ የየራሳቸውን ሟች ልብስ እየያዙ መጥተው ከአባቴ ጋቢ አጠገብ ደረደሩ። ጋቢው፣ በርኖሱ፣ የልጅ ቀሚሱ ሲደረደር፣ የዚያ ዳስ ሰዎች በእኔ ዕድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ ባንድነት ተቀመጡ። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ፤ ይህን አልጠራጠርም።

ከዚያ አጎቴ ከጓዶቹ ጋር ደረሰ። ኒሻናቸውን አድርገው፣ ጠመንጃቸውን ይዘው፣ እንደ ደንቡ እየጮሁ መጡ። አጎቴ ከልብሶቹ ፊት ወዲያ ወዲህ እያለ መፎከር ጀመረ። ዘራፍ አለ። ወንድሙ የአርበኛ ጓዳ እንደ ነበረ፣ ለጫካው ስንቅ ይልክ እንደ ነበረ፣ ለባንዲራው እንደ ወደቀ፣ ደሙ የነጻነት መሠረት እንደ ሆነ ተናገረ። አልቃሿ ቃሉን እየተቀበለች አባቴን ከጀግና ጀግና አደረገችው። ሕዝቡ አለቀሰ። እኔም አለቀስሁ፤ ልቤም ቀለለኝ። ለዓመታት ባንዳ የተባለው አባቴ በአንድ አፍታ አርበኛ ሲሆን በጆሮዬ ሰማሁ። ሁሉም ነገር በዚያ ሊያልቅ ይችል ነበር፤ ለሁላችንም ክብር ነበረው።

እናቴ ከሰሌኑ ተነሣች።

«አያ፣ ጠብቅ።»

አጎቴ ቆመ። አልቃሿም አፏን ያዘች።

«ወንድምህ ምን ሲያደርግ ሞተ?»

«ነገርሁ እኮ፤ ለሀገሩ...»

«እህል እየበላ ነው የሞተ። የአባቱን የአባትህን ተዝካር እያወጣ። ቅጠል አጥቶ ሸራ ጥሎ። ለባንዲራ አልወደቀም፤ ባንዳም አልነበረ። ልጄስ? ልጄም አርበኛ ነበረች? ወጥ ነበር የያዘች። እንዴት እንደ ሞቱ ንገርልኝ። የውሸት ሞት አታልቅስልኝ።»

ከጓዶቹ አንዱ፣ ረዥም ቀጭን ሰው፣ «ይህቺ ሴት ጣሊያን ይመለስ ልትል ነው እንዴ?» አለ።

«አይመለስ!» አለችው እናቴ ወደ እሱ እንኳ ሳትዞር። «የሄደ ይሂድ። እኔ የምል ልጄን ማን ገደላት ነው።»

ሰውየው ተቆጥቶ ወጣ፤ ሁለት ሦስት ጓዶቹም ተከተሉት። አጎቴ ግን አልወጣም። ጠመንጃውን ተደግፎ ቆመ። ሲናገር የፎካሪ ድምፁ አልነበረም፤ በገበያ ሰው ሲያዋራ የሚናገርበት ድምፅ ነበር።

«ከማዶው ኮረብታ ላይ ነበርን» አለ። «የእኛ ሰላይ ትናንት ያልነበረ ድንኳን ዛሬ ተተክሏል ብሎ መጣ። የጣሊያን ሸራ ነው አለ። እውነቱን ነው፤ የጣሊያን ሸራ ነበር። አይሮፕላን ለሚጠራው ለእንግሊዙ ፈረንጅ ተነገረው።»

«የነገርህ አንተ ነህ?»

«እኔ አልነበርሁም። ሲነገር ግን ነበርሁ። የአባቴ አርባ መሆኑን አውቅ ነበር። ዳስ ይጥላሉ ብያለሁ። ዳስ ግን በቅጠል ነው የምንጥል፤ በሸራ ዳስ የጣለ አይቼ አላውቅ። ከዚያ አይሮፕላኑ መጣ። ጭሱ ሲወጣ...» እዚህ ላይ ቆመ። እናቴ ጠበቀችው፤ አላገዘችውም። «ጭሱ ሲወጣ ጠመንጃ ተኮስን። እልል አልን። እኔም እልል ብያለሁ። ስንወርድ ነው ያየሁት።»

በዚያ ለቅሶ ላይ ከነበሩት ሰዎች መካከል፣ ከዚያ በኋላ የሆነውን ሁለት ሰዎች በአንድ ዓይነት አይናገሩትም። እናቴ ኒሻኑን ከደረቱ ነጠቀችው የሚሉ አሉ፤ ሐሰት ነው። በጥፊ መታችው የሚሉም አሉ። እኔ የማስታውሰው፣ ወይም የማስታውስ የሚመስለኝ፣ «ጠመንጃህን አስቀምጥና ተቀመጥ» ስትለው ነው። ጠመንጃውን በአጥሩ አስደገፈ። ከሰሌኑ ላይ፣ ለእኅቴ ከተተወው ባዶ ቦታ አጠገብ ተቀመጠ። አልቃሿ ግጥም አልጨመረችም፤ ለእንዲህ ያለ ሞት የሚሆን ግጥም አልነበራትም። ሰው ያለ ግጥም አለቀሰ። አጎቴም ኩታውን ፊቱ ላይ ጥሎ ሲያለቅስ ትከሻው እንደ በሬ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ አየሁ። በመጨረሻ ተነሥቶ በእናቴ ፊት ጎንበስ አለና፣ «እግዚአብሔር ያጥናሽ» አላት።

«አንተንም ያጥናህ፤ የአንተም ወንድም ነው» አለችው።

ሠልስቱ ሲያልፍ ገላዋን ታጠበች፤ ከሏንም አወለቀች። ጎረቤት ያዋሳትን ነጭ ቀሚስ ስትለብስ አላወቅኋትም ማለት እችላለሁ። አርጅታ ነበር። ጥቁሩ ዕድሜዋን ሸሽጎት ኖሯል።

ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። ለቅሶዋ ተደረሰ። ነገር ግን የደረሰላት ማን ነው? የገዛ ወንድሙን ያጣ ሰው ነው። አውሮፕላኑን የላከው አልመጣም። ሸራ ያለበትን ሁሉ ምታ ያለው፣ የመታውን ወርዶ ያልጠየቀው አልመጣም። መንግሥትም አልመጣም፤ ለመንግሥት ለቅሶው የተፈቀደው መንገዱ ላይ ጥቁር እንዳይታይ ብቻ ነበር። ሐዘንተኛ ለሐዘንተኛ ደረሰ፤ ባለ ዕዳው በማኪና ሊያልፍ ነበር።

በበዓሉ ቀን ሹሙ በማኪና መጣ። ባጌጠው በር ሥር ቆሞ ንግግር አደረገ። የንግግሩን አብዛኛውን ረስቼዋለሁ፤ እንደ ሌሎቹ ንግግሮች ነበር። አንድ ነገር ግን አልረሳሁም። እጁን ወደ መንገዱ ዳር ዘርግቶ፣ ይህን ነጭ የለበሰ ሕዝብ ተመልከቱ፤ ነጻነት ከዚህ ሕዝብ ላይ ሐዘንን አወለቀ የሚል ነገር ተናገረ። እጁ የተዘረጋው እናቴ ወደ ቆመችበት ነበር። ስለ እሷ ማወቁን እጠራጠራለሁ፤ ወረዳ ገዥው ግን ያውቃል፤ ከኋላው ቆሞ በትሕትና ራሱን ይነቀንቅ ነበር። እናቴ በአፏ አውጥታ ያስነገረችው እውነት፣ አጎቴ በእንባ የከፈለው፣ እነዚያ የተደረደሩት የሟች ልብሶች፣ ሁሉ ለሹሙ የበዓል ጌጥ ሆነለት። ያን ጊዜ የያዘኝ ንዴት እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም፤ እንዲለቀኝም አልፈልግም። አጎቴ ከባለ ኒሻኖቹ ሰልፍ መካከል ቆሞ መሬት መሬት ያይ ነበር።

ንግግሩ ሲያልቅ እልልታ ተጠራ። ሴቶቹ አስተጋቡ። እናቴ ዝም አለች። ሰልፉን የሚያስተካክል አንድ ወታደር አያትና ተጠጋት።

«እመት፣ እልል ይበሉ እንጂ! ሹሙ እያየ ነው» አላት።

«እልልታው ያን ጊዜ ተብሏል ጌታዬ» አለችው። «ከኮረብታው ላይ።»

ወታደሩ አልገባውም፤ ሀገሩ አይደለም። የሰማት አጠገቧ የነበረ ሰው ሁሉ ነው ብዬ ለብዙ ዘመን አምኜ ነበር። ዛሬ ግን ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ተናግራው እንደ ሆነ፣ ወይም እኔ ብቻ ሰምቻት እንደ ሆነ እርግጠኛ አይደለሁም። እርግጠኛ የምሆነው በዚህ ነው፤ በግራና በቀኟ የቆሙት ሴቶች እልልታቸውን አቋረጡ። ሹሙ ማኪናው ውስጥ ገብቶ ወደ አምባ ጊዮርጊስ ሲሄድ፣ በእኛ ወገን ያለው የመንገዱ ዳር ጸጥ ብሎ ነበር።